ፊውዙን እይ

ሶማሌ ተራ ላይ፥ ካፊያውን ሸሽቼ
ከኸይሩ ሱቅ ገባሁ፥ ዕቁቤን አውጥቼ።
«አምፕሊፋየር አምጣ፥ ሰብውፈር የሚነዳ፤
በቸርችል ቁልቁለት፥ አጥንት የሚጎዳ!»

ሰባት ደረደረ፥ እያበሰ በክንዱ።
ሦስት ሺህ ዋት ይላል፥ የሚያብለጨልጭ አንዱ፤
ወርቅማ ቀለሙ፥ የሠርግ ካርድ ይመስላል፤
እጄ ገና ሳይነካው፥ ልቤ «ይኼ!» ይላል።

ኸይሩ ከት ብሎ ስቆ፥ ገለበጠው በጀርባ፤
«ግንባሩን አትመን።
ፊውዙ ሃያ አምፔር፥ ባትሪህ ዐሥራ ሁለት፣
ሲባዛ? ሁለት መቶ ዐርባ።
ታዲያ ሦስት ሺው የት ገባ?
ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ይኼ ጥቁሩ ግን፥ ጠርዙ የተፋቀ፣
አራት መቶ ብሎ፥ በዚያው የጠበቀ፣
ሁለት ፊውዝ አለው፥ ሠላሳ ሠላሳ፤
ያለውን ይሰጣል፥ ሳይፎክር ሳያገሳ።
ሰብህ አራት ኦም ነው? በል እንግዲህ ይስማማል።
ገመድ አትቆጥብ፤
በቀጭን ገመድ ላይ፥ ወፍራም ድምፅ ይታመማል።»

ካፊያው አባርቷል። እኔ ግን ቆሜያለሁ፣
ባለፈው እሑድ ከነ ምንትዋብ ቤት
ያልኩት ትዝ ብሎኝ፦
«ሁለት መኪና አለኝ፤ ቤቱም ሊያልቅ ነው።»
ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ
አባቷ፣ ጋሽ ዘገዬ ብቻ፣
ምንም ሳይሉ
ጫማዬን ነበር የሚያዩት።

ጥቁሩን ገዛሁት፣
ያለ ወትሮዬ ዋጋ ሳልከራከር።
ተክለሃይማኖት ስደርስ ቀስ አድርጌ ከፈትኩት፤
ወንበሩ ከሥሬ በዝግታ ተነፈሰ።
መብራት ይዞኝ ስቆም
ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
የግራው ሶል ለቋል።