ያልተለኮሰ ችቦ

ቡሬ፣ ከገበያው በላይ፣ ከድሮው ግምጃ ቤት፣
ከበሩ ጉበን አናት፣ የድንጋይ እስር አለበት፤
ዘንግ ከዘንግ ተጣብቆ፣ በጠፍር ተሸብቦ፣
ልጅ ሆኜ ሳየው፣ መስሎኝ ነበር ችቦ።

"ለምን አይለኩሱትም?" አልኩት እንየውን፣ አባቴን፣
ከመሰላሉ ሥር ቆሜ፣ ይዤ የኖራ ጣሳውን።

"መሐሉን እይ፤ ችቦ ውስጥ፣ ምሳር ምን ይሠራል?
በሮማ ዳኛ ሲሄድ፣ ፊት ፊቱ ይህ ይመራል፤
ልምጩ ለጀርባ ነው፣ ምሳሩ ለአንገት።
ጣልያን ከመቃብር ቆፍሮ፣ አመጣልን ድንገት።"

ጣልያን ሄደ። እስሩ ቀረ።
ሦስት ሹም፣ በየዘመኑ፣ አባቴን አስጠራው፤
አንዱ ቢጫ አለ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ አስቀባው፤
"ፍለጠው" ያለ የለም።

በመጨረሻው ቀለም፣ የመስቀል ዋዜማ፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እየደከመ፣
በአውራ ጣቱ ዳበሰና
"ቀለሙ ወፍሯል" አለ፤
ትንሽ ቆየና፣
"ስለቱ ግን አለ።"

ማታ ችቧችንን ይዘን፣ በዚያው በር አለፍን።
የኛ እስር ላንድ ሌሊት ነው፤
ነዶ፣ ተበትኖ፣ አደረ።
ጧት አመዱን ግንባሬ ላይ ቀብቼ ስመለስ፣
ያኛው እዚያው ነበረ።