የዱቤ ደብተር

ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ተራ ላይ፣
ከሚዛኔ በታች፣ ለሰው የማላሳይ፣
ዘይት የጠገበ አንድ ደብተር አለኝ፣
ስምንተኛን ሳቆም ከትምህርት የተረፈኝ።
ፊተኛው ገጽ ላይ የእኔ አልጀብራ አለ፣
ግማሹ ሳይፈታ እንደተንጠለጠለ፤
ከዚያ ወዲህ ያለው የወንድሜ ወጪ፦

    መስከረም። ዩኒፎርም። የእናታችን ጥልፍ ቀሚስ ተሸጠ።
    ጥር። ማራኪ፣ የአራት ወር የቤት ኪራይ።
    የዕቁብ ዕጣዬ በሙሉ፣ ላፕቶፕ።
    ጫማ። እምቢ ብዬ ነበር። ገዛሁ።

ኢኮኖሚክስ ነው ያጠናው ጋሻነው።
«የሰው ሀብት» ይለዋል፣ ስሙ ደስ የሚል ነው።
«ባለአክሲዮኗ አንቺ» አለኝ የምርቃቱ ለት፣
ካባውን ደርቦልኝ፤ እኔም አመንኩት።

ሦስት ዓመት ሰሌዳ፣ ሦስት ዓመት ማስታወቂያ፣
«የሥራ ልምድ» ይላል የሁሉም መዝጊያ።
አሁን ባጃጅ ይዟል፣ የሰው፣ በፈረቃ፣
ከአዘዞ ፒያሳ፣ ቤንዚኑ እስኪያበቃ።
«ታዲያ ምን አተረፍሽ?» ትላለች ሙሉጎጃም፤
ስመዝን፣ ስመዝን፣ የሰማሁ አልመስልም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሲቆም፣
ጆንያ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ገለጠው።
ዕዳውን አለፈው።
አልጀብራዬ ላይ ጣቱን አሳረፈው።
«ይቺን ወዲያ አሻግሪ፣ ምልክቷን ቀይሪ፣
አሁን አካፍዪ።»
ኤክስ ሰባት ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ።
ሁለተኛውን ግን ብቻዬን ጀመርኩ፣
«ግማሽ ኪሎ!» አለኝ ሸማች፣ አቋረጥኩ።

ማታ ልመዘግብ እስክሪብቶ አነሣሁ፤
በየትኛው ዓምድ? ገቢ ነው ወይ ወጪ?
ሰባትን ጻፍኩና ከሥሯ አሰመርኩ።