የጓንቱ ገበር

እዚህ ጽፋት ላይ፣ ቀለም በሚፈላበት፣
እጁ ሰማይ ያልመሰለ አይገኝም በየቤት፤
ነካሪው እስከ ክርኑ፣ ፈታይዋ እስከ ጥፍሯ፣
ሕፃን ጉንጭ ላይ እንኳ ታትሞ ይቀራል አሻራዋ።

ማክሰኞ ለረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣
ከትልቁ ጋን ውስጥ አወጡት በገመድ፤
ሐምፍሬይን፣ ሱፍ ሻጩን፣ የኤልሳቤጥን አገር ሰው፣
ጢሙ ሰማያዊ፣ ካባው ሰማያዊ፣
አንገቱ ላይ ሁለት የአውራ ጣት ሰንበር።
ገንዘቡ አልተነካም። የጠፋው አንድ ነገር፣
ሒሳብ የያዘባት ትንሿ መዝገብ ነበር።

ቃዲው መጡ። "ገዳዩ ጋን ውስጥ እጁን ነክሯል፤
ሰማያዊ እጅ ፈልጉ!" አሉ።
በሆዴ ሳቅኩ።
ባሕር ገብቶ የረጠበ ዓሣ ፈልጉ እንደማለት!

ቪዳልን ያዙት። ጋኑ የሱ ነው፤ ዕዳም አለበት፣
አርባ ጆንያ ሱፍ ከሟቹ በዱቤ ወስዶበት።
"እጅ ከፍንጅ!" አሉ መዳፉን ገልብጠው፤
ሚስቱ ዶንሳ ከደጅ አፈር ስትቧጥጥ ማን አይቷት።

አምብሮዝ፣ የሟቹ ሸሪክ፣ ደረቱን ይደቃል፤
እጆቹን ዘርግቶ ለሁሉ ያሳያል፤
እንደ ወተት ነጭ። "ይኸው፣ እጄ ነጻ ነው" ይላል።
በዚህ ሁሉ ከተማ አንድ ነጻ እጅ ሲገኝ
"እንዴት ነጣ?" ያለ የለም።

እኔ የነጋዴ ማደሪያው ልብስ አጣቢ ነኝ።
ወለተ ሐዋርያት ነበር ስሜ እናቴ ዘንድ፤
እዚህ "አንቺ" ነኝ፣ በዋጋ የመጣሁ በምጽዋ መንገድ።
ልብስ ያወራኛል። የማን ወይን፣ የማን ላብ፣
የማን ውሸት እንደሆነ ከእድፉ እለያለሁ።
ያን ሌሊት አምብሮዝ ደርዘን ሎሚ አስመጥቶኝ ነበር፣
ለሾርባ መስሎኝ።

ከሸሚዞቹ ሥር፣ የፍየል ሌጦ ጓንት፣
ውጪው በአመድ ውኃ እስኪሳሳ የተፈተገ፤
ገለበጥኩት።
ገበሩ ሰማይ ነው።
አሥሩም ጣት። የአውራ ጣቶቹ ስፌት
በኃይል ተተርትሮ።

ለማን ልንገር? የባሪያ ቃል ሚዛን አይደፋም፤
ጸሐፊው ለእኔ ብሎ ብዕሩን ቀለም አይነክርም።
አምብሮዝ ወረቀት አለው፣ ንግሥቲቱና ሱልጣኑ የተዋዋሉበት፣
ማኅተሙ መዳፍ የሚያህል።
እሱ በእጁ ነጻ፣ በወረቀቱም ነጻ፤
እኔ ነኝ ነጻ ያልሆንኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ይላል ያገሬ ሰው።
ማደሪያ የለኝም። ቪዳል ነገ ይሰቀላል።

ከወፍ ቀድሜ ወጣሁ። ገመዱን ከአምድ አምድ ወጠርኩ፣
ቃዲው ለጸሎት በሚያልፉበት፣
ነጋዴ ሁሉ ግመል በሚጭንበት።
በነጫጭ ሸሚዞች መሐል
ጓንቱን ገልብጬ
ሰቀልኩት።

ነፋስ ገባበት። ጣቶቹ ሞሉ፤
ወደ ፎቁ፣ ወደ አንዲት የተዘጋች መስኮት
ተቀሰሩ።

እንስራዬን አንሥቼ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።