ጥላ በቃለ ጉባኤ

ማክሰኞ ማታ፣ ገዴራ፣ የምክር ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣
አጀንዳ ቁጥር አራት።
ማሞቂያው ያንኳኳል፤ በየሰው ፊት የውሃ ጠርሙስ።
እኔ መሐል ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል ምላስ፣
ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ
ሰው የማሻግር።

አርክቴክቱ ግድግዳው ላይ ብርሃን ዘረጋ።
ሃያ አራት ኮቴጅ፣ ጎን ለጎን፣ ግድግዳ ተጋርተው፣
ቀይ ጣሪያ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ቀይ ጣሪያ፤
ሁሉም ቤት የሚመታ፣
አንድም ስንኝ የሌለበት።

ካርታው ላይ የኛ ሜዳ አረንጓዴ ነበር፤
በአንድ ጠቅታ ቢጫ ሆነ።
ከዳር አንዲት ክብ፣ ውስጧ ቁጥር፦ ዛፍ ሠላሳ አንድ።
«ባዶ ቦታ» ይላል ማብራሪያው።
እኔም «ባዶ ቦታ» ብዬ ተረጎምኩ፤
ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ሳሉ።
ስንት የለቅሶ ድንኳን እንደተተከለበት፣
ስንት ዳማ እንደተሸነፉበት
ካርታው ምልክት የለውም።

የመኪና ማቆሚያ ተነሳ። ግማሽ ሰዓት የመኪና ማቆሚያ።
ለአንድ ቤት አንድ ተኩል መኪና፤
ግማሹ መኪና የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።
ላሪሳ ከሕንፃ ስድስት
ቱቦው ዝናብ ሲመጣ ሽቅብ ያገሳል አለች፤
ኢንጂነር ቫዲም ጻፈ።

ከዚያ ደጋፊ ተጠራ። አስናቁ ተነሳች፣
በመዝገቡ ኦስናት፣
የፈረቃ ልብሷን ሳትቀይር፣ የሆስፒታሉ ካርድ አንገቷ ላይ።
«አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመቱ።
ሦስት ልጆች፣ ሁለት ክፍል።
ቁጥር አሥራ ሰባትን አስይዣለሁ።
ከሰፈሩ አልወጣም እኮ፣ መሬት ልውረድ ነው ያልኩት።»
ይህን በዕብራይስጥ ተናገረች።
ለአባቷ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

አቶ ጀንበሩ ዋሴ፣ ተቃዋሚ፣ ሦስት ደቂቃ።
ከካራቫን በወጣን ማግስት ሾላዋን የተከሏት እሳቸው ናቸው፤
የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዘው
ከሕንፃ ሁለት ቧንቧ እየተመላለሱ።
ይህን ሁሉ አላሉም።
ወረቀታቸውን አጠፉት፣ ኮሚቴውን ትተው
ወደ ደጋፊዎቹ አግዳሚ ዞሩ፦

        በጣሳ አሳደግኋት፣ ወገቤ እስኪጎዳ፤
        ዛሬ ጥላ ቆመች ለመጣው እንግዳ።

አስናቁ ካርዷን በመዳፏ ሸፈነች።
ሊቀመንበሯ ኦፊራ ወደ እኔ፦ «ምን አሉ?»

ምን አሉ?
በዕብራይስጥ ጥላ ጥላ ብቻ ነው፤
ማንንም ትቶ አይሄድም።
ሰሙን በእጄ ያዝኩ፣ ወርቁ አቃጠለኝ፤
የአባትና የልጅ ነገር፣ ማይክሮፎን ፊት…
ሰዓት ቆጣሪው አሥራ አንድ ሰከንድ ይላል።
«ዛፏን አጠጥተው አሳድገዋል፤
ጥላ ያስፈልጋል ይላሉ» አልኩ።

ቫዲም ጻፈ።

ዕቅዱ አለፈ፣ ሰባት ለሁለት፣ ከነቅድመ ሁኔታው፦
ማቆሚያው ይስፋ። ቱቦው ይቀየር።
ዛፍ ሠላሳ አንድ ትነቀል፣ ከተቻለ ትዛወር።
በነዋሪው ጥያቄ መሠረት
ሠላሳ ካሬ የጥላ ሸራ ይተከል።

ውጭ ያካፋ ነበር።
ሳትናገር ጃንጥላ ዘረጋችላቸው፤
ሳይናገሩ ገቡ።

ሸራው ተተከለ። ባለፈው ሐምሌ በዚያ ሳልፍ
አራት የብረት ምሰሶ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣
አቶ ጀንበሩ ከሥሩ፤ ፊት ለፊታቸው ቁጥር አሥራ ሰባት፣
በሩ ላይ የወደቀ የልጅ ብስክሌት።
ነይ አሉኝ፣ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።
ነፋስ ሸራውን ሲያንቋቋው ሽቅብ አዩና
«ያንቺ ትርጉም ናት» አሉ፣
«ትንሽ ትሞቃለች እንጂ፣ አትከፋም።»