ባለ ሦስት እግር

ሒርማታ ገበያ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ፊት ለፊት፣
አባ ሙዘይን ወንበር ይጠርባሉ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት።
ዋንዛ ነው እንጨቱ፤ ከአንድ ግንድ፣ አንድ ወጥ፣
ምስማር ያልነካው፣ ሙጫ ያልጎበኘው፣ በሦስት እግር የሚቀመጥ።

ማክሰኞ ዝናቡ ሲያባራ፣ መጥረቢያቸውን ጥለው፣
ፍቅፋቂ በትከሻቸው እንዳለ ገቡ፣ «ዘቢባ!» ብለው።

«ያ ሰው መጣ አይደል፣ አምስት ዓመት ጠፍቶ፤
ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ተነሳ፣ ጥርሱን አስጥቶ።
ለእናንተ ስሟገት እንቅልፍ አጣሁ አለኝ።
እንጨት ቢሆን አንኳኩቼ፣ ውስጡን ምስጥ እንደበላው ድምፁ በነገረኝ።
ሰውን ግን በምን ላንኳኳው? እስቲ ስልክሽን ጠይቂው፤
የዋንዛው ፈቃድ ክፍያ ሲጨመር፣ እጁ ምን እንዳለ እወቂው።»

የሃምሳ ብር ጥቅል ሞላሁ። ኔትወርኩ የአዌቱ ወንድም፣
ሲፈልግ ሞልቶ ያጥለቀልቃል፣ ሲፈልግ ጠጠር አያረጥብም።
ስሙን በሃሌታው ሀ ጻፍኩት፤ የለም።
በሐመሩ ሐ ጻፍኩት፤ አንድ ነጋዴ መጣ፣ እሱ አይደለም።
በብዙኃኑ ኀ ጻፍኩት፤
ለብዙኃን ተመርጦ ሳለ፣ በብዙኃኑም አጣሁት።

ፎቶውስ ሞልቷል፦ ችግኝ ሲተክል፣ ሪባን ሲቆርጥ፣
ለአንድ ኩንታል ስኳር ርክክብ አምስት ጊዜ ሲጨብጥ።
ስለ አዋጁ ያለው ግን አንድ መስመር ነው፣ የደረቀ፦
«በሁለት ተቃውሞ፣ በሦስት ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።»
ማን? አይልም።

«ተአቅቦ ምንድን ነው?»
«ድምፅን መያዝ። አዎም፣ አይሆንምም አለማለት ነው።»
ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ድምፁን የሰጠነው እኛ አይደለን?
አደራን ወይ ይበሉታል፣ ወይ ይመልሱታል፤
አፍ ውስጥ ይዞ ማደርን ምን ይሉታል?»
በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት።

ቪዲዮውን አገኘሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ።
እያዘለልኩ፣ እየተቋረጠ፣ መብራት አንዴ ሄዶ ተመልሶ፣
ካሜራው አዳራሹን ሲያስስ፣ እጅ እንደ ደን ሲበቅል አስቆምኩት።
መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተጠጉ።
እኔ ሰውየውን ስፈልግ፣ እሳቸው ወንበሩን አዩት።
«ይኸውና። የስሙ ሰሌዳ ከፊቱ።
ቆዳ የለበሰ፣ ተሽከርካሪ፣ መደገፊያው የተዘረጋ።»
ባዶ ነበር።
ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል፤ ወንበር ሠሪ ግን
የተቀመጡበትንና ያልተቀመጡበትን ከሩቅ ይለያል።

«ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ይሆናል» አልኩ፤ አዝኜ ይሁን ፈርቼ እንጃ።
«ይሆናል። ቀጥዪ።»

ሌላ ቀን፣ ሌላ ስብሰባ፦ ቆሟል፤ ስለ ሰቃ መንገድ
ወረቀት ሳያነብ ይናገራል፣ ድምፁ እስኪነድ።
አባ ሙዘይን ትንሽ ፈገግ አሉ።
«እሱንም ጻፊ። ጥሩውን ትተሽ ብታትሚልኝ ብሬን አልሰጥሽም» አሉ።

አተምኩት፤ ግማሽ ገጽ አልሞላም።
አምስት ብር አስቀመጡ፤ ይቅር ብላቸውም አልሰሙኝም።
ከበሩ ዞረው፣ «ሙጫ አለሽ?» አሉኝ፤
ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙጫ ያልነኩት ሰው ጠየቁኝ።

ሰውየው የተቀመጠባትን ወንበር ገለበጧት፤
ከሆዷ ሥር፣ ከሦስቱ እግሮች መሐል፣ ወረቀቱን አጣበቁባት።
«እዚያ ማን ያየዋል?»
«ወንበር የሚገዛ ሰው» አሉ፣ መጥረቢያቸውን እያነሱ፣
«ከመቀመጡ በፊት ገልብጦ ያያል።»

ዛሬ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው። ምርጫው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።
እስካሁን ሁለት ሰው ገልብጧታል።