ሁለተኛው ዓምድ

ሦስተኛው ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት ጦሳን የሚያሳየው፤
ዛሬ ግን ጉም ወርዶ፣ እንኳን ተራራውን፣ የግቢውን ቧንቧ ከለለው።
ልጁ እርሳስ ቀረጸ። "እትዬ ሉባባ፣ ስምዎ አይጻፍም፤
ቁጥር ነው የምሰጥዎት፤ መልሱም ትክክል ስህተት የለውም።
ይኸውልዎ መጠይቁ፤ በግራ ያለው ዓምድ 'የደረሰብዎት'፣
በቀኙ ደግሞ 'ይደርስብኛል ብለው የሚሰጉት'።
ፈጽሞ ካልሆነ ዜሮ፤ አልፎ አልፎ ከሆነ አንድ፤
ብዙ ጊዜ ሁለት፤ ሁልጊዜ ካሉኝ ሦስት ላይ እንውረድ።"

ቁጥር መቼ ጠፋኝ?
ኮምቦልቻ፣ ክር ፋብሪካ፣ አሥራ አንድ ዓመት ማግ ቆጥሬ፣
የተበጠሰውን ከሺህ መሀል ለይቼ ቋጥሬ፣
ሦስተኛ ፈረቃ፣ በጆሮዬ ጥጥ ወትፌ ያደርሁ፣
አንድ ሌሊት ማሽኑ በስሜ ሲጠራኝ፣ "አቤት" ብዬ የወጣሁ።

"በሕመምዎ ሰበብ፣ ሥራ ሲጠይቁ፣ ከልክለዎት ያውቃሉ?"
ዜሮ በል። ጻፈው። ክብ አድርጎ፤ እንደ አምባሻ ሙሉ።
ግን ልጄ፣ "የት አመልክተው?" ብለህ መች ጠየቅኸኝ?
"የክር ልምድ ያላት" የሚል ግንብ ላይ ተለጥፎ አየሁ፤
ሁለቴ አነበብሁ፤ ሚኒባስ ያዝሁና ሐረጎን ወጣሁኝ።
ያልጠየቅሁትን ሥራ ማን ይከለክለኛል?
ያላንኳኳሁት በር በምን አፉ "ሂጂ" ይለኛል?

"ትዳርስ?" ዜሮ በል። የገራዶው ሙሄ ሽማግሌ ሲያስመርጥ
ወሬው ቀድሞ ደርሶኝ፣ "ታጭቻለሁ" አልሁ።
እጮኛዬ ክኒን፤ ማታ ማታ አንድ፤ በውሃ የሚዋጥ።

"ጎረቤትስ?" ይህን እንኳ ቆይ። ጦይባ ልጇን ከእጄ ነጥቃለች፤ አንድ ቀን፤ በሰኔ።
ሻይ ስትልክልኝ ብርጭቆው ምልክት አለው፤ ቀይ ክር፤ ለእኔ።
አንድ ጻፍ። አይ፣ ሁለት። ብርጭቆው በየቀኑ ነው፤ ልጁን ግን አንዴ።
"የትኛውን ልያዝ?" አለ እርሳሱን አንሥቶ።
ሁለቱንም ያዘው፤ ይደመር የለም እንዴ?

ወደ ቀኙ ዓምድ ስንሻገር ጊዜ፣ የልጁ ጣት ላላ፤
ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤ እንደ ዶሮ ኮቴ ወረቀቱ ሞላ።
"ግራው ባዶ ሆኖ ቀኙ ለምን በዛ?" አለኝ ግራ ቢገባው።
ልጄ፣ ግራው ባዶ የሆነው ቀኙ ስለሞላ ነው፤
እሱ ነው ዘበኛው።
ድንጋይ የሚመጣበትን ያወቀ ሰው ገበያ አይዘልቅም፤
ሦስት ክረምት ሆነኝ፤ ድንጋይም አልነካኝ፣
ቲማቲምም በእጄ አገላብጬ አላውቅም።

እዚሁ ደሴ፣ አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ፤
በስሙ እስቃለሁ፤ ግንብ እንኳ ይምላል፣ "ማንንም አልጠየፍ" እያለ።
እኔ ግን ደጁ ስደርስ እግሬ ይተሳሰራል፤ ማን አየኝ? ማን ጠቆመ? ማን ሣቀ?
ማንም። አንድ ሊስትሮ ብቻ፣ እሱም ጫማዬን አይቶ "ቆዳ ነው?" ብሎ ጠየቀ።
ያን ቀን ምን ልበልህ? ዜሮ ነው ወይስ ሦስት?
ከፈራሁት እስከ መጣው ድረስ፣ ገደሉ ስንት ክንድ ነው? ስንት?

ልጁ ዝም። ጉሙ ገለጥ አለና የጦሳ ወገብ ታየ፤
"የመጨረሻ ነው፤ ሕመምዎን ለሰው ነግረው ያውቃሉ?" አለ፤ ዐይኔን አየ።
አሁን፣ ለአንተ።
ይህን የሚጽፍበት ቦታ ወረቀቱ አልነበረውም።

ስወጣ "ቁጥሬ ስንት ነው?" አልሁት። "መቶ አርባ ሰባት።"
መቶ አርባ ስድስት ሰው፣ በየተራ መጥቶ፣ ቀድሞኝ የተቀመጠባት!
እንዴት አንዱን እንኳ በሸዋ በር፣ በመድኃኒት ቤት ሰልፍ አላየሁ?
እነሱስ እኔን? እኔ መቼ ወጣሁ?

ሰኞ ነው። እስከ ገበያው ጥግ ወረድሁ። እስከ ጥጉ ብቻ።
አንዲት ሴት ቲማቲም ታገላብጣለች፤ ከሰዉ ፈንጠር ብላ፣ ለብቻ።
ጣቷ ይንቀጠቀጣል።
መድኃኒቱ እንዲያ ያደርጋል። ወይም ብርዱ ነው፤
የደሴ ብርድ ያንቀጠቅጣል።