የጠመኔው ሰሌዳ

በሩን የምከፍት ማለዳ፣
ጨርቅ አርሼ ነው የምቀርብ ወደ ሰሌዳ።
የትናንቱን አጥቤ፣ የዛሬን እጽፋለሁ፤
ጣቶቼ እስኪነጡ ጠመኔ እጨርሳለሁ፦

"የላይኛው መንገድ፦ ጭቃ። ለትንሽ መኪና አይሆንም።
የሁለት ወንዝ ካምፕ፦ ቧንቧው ተሰብሯል፤ ውሃ የለም።
እሳት፦ በብረት ቀለበቱ ውስጥ ብቻ።
ድብ፦ እናት ከሁለት ግልገል ጋር፣ ከሐይቁ ዳርቻ።"
ከግርጌ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ባነሰ ፊደል፦
"ይህ ትናንት ማታ የታየ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልፏል።"

ስልክ ይጮኻል። ከቦይሲ፣ ከስፖኬን፣ ከሩቅ አገር፤
"ጥሩ ነው ወይ?" ይላሉ፣ ገና ሰላም ሳንባባል፣ ሳንነጋገር።
ምኑ? ጥዱማ ጥድ ነው፣ እንደ ቆመ ቆመ፤
ነፋሱ ነው ጠዋት ታርቆ፣ ከሰዓት በኋላ ያደመ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣
የታየውን ብቻ ሰጠሁ፣ ካልታየው መርጬ።

ዴንተን ክራውዘር የመጣው፣ በሐምሌ፣ አንድ አርብ ነበረ፤
ጣሪያው ላይ ታንኳ የጫነ፣ ከኋላ ብስክሌት ያሰረ።
ሁለት ሴት ልጆች ይዟል፤ ታናሿ፣ ዊላ፣
የፊት ጥርሷን የጣለች፣ መንገድ ላይ ፖም ስትበላ።
"ከጥር ጀምሮ ይዘናል" አለኝ፣ "ቁጥር ዘጠኝ፣ የወንዙን ዳር፤
ወረቀቱም ይኸው፣ የተከፈለበት፣ ከነማኅተሙ ጋር።"

"ዘጠኝ ተዘግቷል" አልኩት።

በጣቱ መስኮቱን አሳየኝ።
ሰማዩ የታጠበ ሳህን ነበር።

ካርታውን ዘረጋሁለት፦
ከወንዙ በላይ ያለው ጥቁር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የነደደው፣
አፈሩ ሰም እንደ ጠጣ ሸራ፣ ጠብታ የማይቀበለው፤
ከተራራው ማዶ ቢዘንብ፣ እዚህ ፀሐይ እያለ፣
ግንድ ተሸክሞ ይመጣል፣ ድንጋይ እያንከባለለ።
"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" ልለው አስቤ ተውኩት፤
ልጆቹ ቆመው ይሰማሉ፣ ተረት አልጨመርኩበት።

"እናቴ" አለኝ፣ "አባቴ እዚህ ግንድ ሲቆርጥ ነው የኖረ፤
ዝናብን በአፍንጫው ያውቅ ነበር።"
"ያውቁ ነበር። አስታውሳቸዋለሁ።
በእሳቸው ዘመን ግን ገደሉ ደን ነበረ።"

ሌላው ካምፕ ሁሉ ሞልቷል። ወደ ቤት ሰባት ሰዓት መንገድ ነው።
ከቢሮው ጀርባ፣ ሳሩ ላይ፣
ከነዳጁ በርሜልና ከተጣመመው አካፋ ጎን
ድንኳን ተከሉ። ሰማሁት ካስማውን ሲመታ፣
ከሚበቃው በላይ፣ በብሽቀት፣ ታ! ታ! ታ!

ሌሊቱን አልዘነበም።

ጠዋት ሁሉን ጠቅልሎ፣ በመስኮት "አዩ?" አለኝ።
"አየሁ" አልኩት። ሌላ መልስም የለኝ።

ጎርፉ በዚያ ሐምሌ አልመጣም፣ በነሐሴም አልመጣም፤
በመስከረም በረዶ ጣለ፤ ማንም ወደ ዘጠኝ አልወጣም።
ጠረጴዛው እንዳለ አለ፣ ወንዙ ከሥሩ ይስቃል።
ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤
ሳይቃጠል ሲቀርስ፣ ቅጠሉን ማን ያመሰግናል?
እንደገና ቢመጣ እንደገና እዘጋበታለሁ፤
ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለሰሌዳው እነግረዋለሁ።

ያን ጠዋት ግን፣ አቧራቸው ሳይረጋ፣ ጨርቄን ይዤ ብመጣ፣
ከግርጌው መስመር በታች፣ የትንሽ ክንድ ቁመት ያህል፣
ሌላ ጽሑፍ ቆየኝ፣ ፊደሉ ወገቡን ይዞ፦

"ከቢሮ ጀርባ፦ ኮከብ ብዙ።
ጥንቸል፦ አንዲት።
አባባ፦ ተቆጥቷል። አሁን ተኝቷል።
ጥርሴ፦ ከድንጋዩ ሥር።"

የራሴን አጠብኩ። የላይኛው መንገድ ደርቋል፣ ጻፍኩ።
ድቧ ሐይቁን ለቃ ወደ ሸንተረሩ ወጥታለች፣ ጻፍኩ።
የዊላን ግን፣ ጨርቁን በዙሪያው አዙሬ፣ እስከ ሰኞ ተውኩት።
ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ቆሞ አነበበው።
አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ባርኔጣውን አንሥቶ፣
"አባባስ? አሁንም እንደ ተቆጣ ነው?" አለኝ።
"ትናንት ማታ የታየ ነው" አልኩት፤
"ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልፏል።"